የላብራቶሪ ሚዛንም አማና ነው



ካዛንቺስን የሚያውቅ ሁሉ ባምቢስን ያውቃል። ከአንድ ሱፐር ማርኬት ስሙን የወረሰው ይህ አካባቢ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም ጠዋትና ማታ የሚተላለፍበት ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች መጠሪያ የመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ተነሥቶ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቷል። እኛ ዛሬ አንባቢያንን ይዘን የምንዘልቀው በዚሁ በባምቢስ አካባቢ ከቀሩት ቤተሰቦች ወደ አንዱ ቤት ነው።

በዚህ ሰፈር ስንዴ የሚታየው በዱቄትና በዳቦ መልክ ነው። ማሳ የለም፣ አውድማ የለም። ታዲያ ከዚህ ቤት የወጣች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባለፈው ክረምት ሁለት ወር ሙሉ በአንድ የግብርና ምርምር ማዕከል ላብራቶሪ ውስጥ ዘር ስትቆጥርና ስትመዝን ከርማ መጥታለች። የተግባር ልምምዷን እንድታጫውተን በጠየቅናት ጊዜ፣ «ስሜንና የማዕከሉን ስም ካላነሣችሁ፣ ያጠፋሁትንም ጭምር እነግራችኋለሁ» አለችን። ቃላችንን ሰጠን። ያጠፋችው ነገር ለሁላችንም ትምህርት የሚሆን ሆኖ ስላገኘነው እነሆ አቅርበነዋል።

«ገበሬ ልትሆኚ ነው?»

እኅታችን በዕፅዋት ሳይንስ ትምህርት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ምደባው የወጣ ዕለት ቤቱ ውስጥ የነበረው ስሜት ደስታ እንዳልነበረ እናትየዋ አልደበቁንም።

«እኔ ልጄን ነጭ ጋዋን ለብሳ መድኃኒት ቤት ቆማ አያታለሁ ብዬ ነበር የማስበው። የዕፅዋት ሲባል ጊዜ፣ ልጄ ገበሬ ልትሆኚ ነው ወይ? አልኳት» ይላሉ እየሣቁ። ልጅቱ ከጎናቸው ሆና፣ «ጋዋኑንስ ለበስኩልሽ እኮ፣ እማዬ» ትላለች።

አባትየው በዚያው በአካባቢው ከሠላሳ ዓመት በላይ እህልና ሸቀጥ የሸጡ ነጋዴ ናቸው። እሳቸውን ያሳሰባቸው የትምህርቱ ዓይነት አልነበረም። «ሴት ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ከቤት ርቃ የት ታድራለች? ከማን ጋር? ሰላቷንስ የት ትሰግዳለች? ይህን ሳላውቅ እንዴት እሺ ልበል?» ይላሉ። መፍትሔውን ያገኙት ግን በመከልከል አልነበረም። ልጃቸውን ይዘው እስከ ማዕከሉ ድረስ ሄዱ፤ ከሁለት ሴት ተማሪዎች ጋር የምትከራየውን ቤት አዩ፤ የቤቱን ባለቤት አነጋገሩ፤ ላብራቶሪውን የሚመሩትን ሰው አግኝተው ተዋወቁ። «ከዚያ በኋላ በአላህ ላይ ተወክዬ ተመለስኩ» አሉን።

ከጆንያ እስከ ሚዛን

ለመሆኑ በግብርና ላብራቶሪ ውስጥ ምን ይሠራል? የእኅታችን ምደባ ለገበሬ የሚሠራጭ የስንዴ ዘር በሚፈተሽበት ክፍል ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ከጆንያው ነው። ናሙና የሚወሰደው ከላይ ብቻ ተዘግኖ አይደለም፤ ከላይም፣ ከመሐልም፣ ከሥርም ነው። «ከላይ ጥሩውን አድርጎ ከሥር መጥፎውን የሚደብቅ ሻጭ እንዳለ አባቴ ሱቅ ውስጥ ስለማውቅ ይህ አልከበደኝም» ትላለች።

ቀጥሎ የንጽሕና ፍተሻ ይመጣል። ናሙናው ተመዝኖ በነጭ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋና በወረንጦ ይለቀማል። ንጹሑ ስንዴ ለብቻ፣ የሌላ ሰብል ዘር ለብቻ፣ እንደ እንክርዳድና ሲናር ያለው የአረም ዘር ለብቻ፣ ገለባና ጠጠሩ ለብቻ ይሆንና እያንዳንዱ ይመዘናል። አንድ ጭብጥ የአረም ዘር ያለበት ጆንያ ማሳው ላይ ሲደርስ ስንት ቀን የሚያሳርም ሥራ እንደሚያመጣ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው የብቅለት ፍተሻ ነው። ከንጹሑ ዘር ሳይመረጥ 400 ፍሬ ይቆጠራል። መቶ መቶ ሆኖ በአራት ይከፈልና በራሰ ወረቀት ላይ ተደርድሮ በ20 ዲግሪ ሙቀት እንዲቆይ ይደረጋል። ለስንዴ የመጀመሪያው ቆጠራ በአራተኛው ቀን፣ የመጨረሻው በስምንተኛው ቀን ነው። ጤነኛ ሥርና ቡቃያ ያወጣው እንደ በቀለ ይቆጠራል፤ የተጣመመው፣ የተጎዳውና የሞተው ለየብቻው ይመዘገባል። አራቱ ክፍሎች 92፣ 90፣ 94 እና 88 ቢበቅሉ የዘሩ ብቅለት 91 በመቶ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው የእርጥበት ፍተሻ ነው። ስንዴው ይፈጭና 5 ግራም ያህል ክዳን ባለው ትንሽ የብረት ዕቃ ተመዝኖ በ130 ዲግሪ ሙቀት ለሁለት ሰዓት ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣል። ሲወጣ ክዳኑ ወዲያው ይገጠማል፤ ከዚያም ዴሲኬተር በሚባል፣ ከሥሩ እርጥበት የሚመጥ ንጥረ ነገር ባለበትና ግጥም ብሎ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻም እንደገና ይመዘናል። 5.00 ግራም የነበረው 4.40 ሆኖ ከወጣ፣ የጎደለው 0.60 ግራም ውኃ ነበር፤ እርጥበቱም 12 በመቶ ነው። አንዱ ናሙና ለሁለት ተከፍሎ ጎን ለጎን ይሠራል፤ ሁለቱ ውጤቶች ከጥቂት በላይ ከተለያዩ ሥራው ስህተት አለበት ማለት ስለሆነ ይደገማል።

እርጥበት ይህን ያህል ለምን ይለካል? እርጥብ ሆኖ የተከማቸ ዘር ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝ ይፈላበታል፣ የመብቀል ኃይሉም ይሞታል። ገበሬው ይህን የሚያውቀው ዘሩን ዘርቶ፣ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሚመለስ ነገር የለም።

ከአንድ ፍሬ ጀርባ ያለ ድካም

በአገራችን የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በሚል ስም ሆለታን፣ ቢሾፍቱን፣ መልካሳን፣ ቁሉምሳን፣ አምቦን፣ ጅማንና ሌሎችንም ማዕከላት ያቀፈ ሲሆን፣ እንደ አዴት ያሉ በክልሎች ሥር የሚተዳደሩ ማዕከላትም አሉ። ብዙ ተማሪዎች የተግባር ልምምዳቸውን የሚያደርጉት በእነዚህና በመሰሎቻቸው ነው።

እነዚህ ማዕከላት ምን ፈየዱ? ለሚል ሰው የጤፍን ታሪክ እናንሣለት። የጤፍ አበባ እጅግ ረቂቅ በመሆኑ ሁለት የጤፍ ዓይነቶችን ማዳቀል ለረጅም ጊዜ ሳይቻል ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው በማለዳ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑን አስተውሎ የማዳቀያውን መንገድ አገኘ። በዚያ መንገድ በቢሾፍቱ ማዕከል፣ አንዱ በምርታማነቱ ሌላው በነጭነቱ የታወቁ ሁለት ጤፎች ተዳቅለው «ቁንጮ» የተባለው ዝርያ ተገኘ፤ በ1998 ዓ.ም. ተለቀቀ። ዛሬ በየገበታችን የምንቆርሰው እንጀራ በአጉሊ መነጽር ሥር ጎንበስ ብለው በከረሙ ሰዎች ዐይን ውስጥ ያለፈ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። ወሎንኮሚ አካባቢ በምትገኝ የገጠር መንደር የተወለዱት እኚህ ሰው በልጅነታቸው ለትምህርት 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይጓዙ ነበር። የማሽላ ጠላት የሆነው አቀንጭራ የሚበቅለው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ይህን ምልክት በላብራቶሪ ተከታትለው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ለገበሬ አደረሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

የዚህ ተቃራኒም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ፣ በ2013 እና 2014 ደግሞ የግንድ ዋግ የስንዴ ማሳዎቻችንን መትቷል። በሁለተኛው ጊዜ በአርሲና በባሌ «ዲገሉ» የተባለውን ዝርያ የዘሩ ገበሬዎች ሰብላቸው ዐይናቸው እያየ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ የትኛው የዋግ ዓይነት የት እንደደረሰ ለመለየት በአምቦና በሌሎችም ላብራቶሪዎች ከማሳ የሚመጡ ናሙናዎች አንድ በአንድ ይመረመራሉ። እንግዲህ ከላብራቶሪ የሚወጣ አንድ ቁጥር ትክክል ካልሆነ፣ ዕዳው የሚወድቀው ቁጥሩን አይቶት በማያውቅ ገበሬ ትከሻ ላይ ነው።

የስድስት መቶኛ ግራም ጉዳይ

ወደ እኅታችን እንመለስ። ልምምዱ ከተጀመረ አምስተኛው ሳምንት ላይ ነበር፤ ዕለቱም ሐሙስ።

«ዙህርን አዘግይቼው ነበር። ምድጃው ሁለት ሰዓቱን ሲጨርስ ዐስር ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል። ሁለቱን ዕቃዎች አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ክዳናቸውን ሳልገጥም ለውዱእ ሮጥኩ። ሰግጄ ስመለስ ሃያ ደቂቃ ያህል አልፏል። ክፍት ስለነበሩ ከአየሩ እርጥበት መጥተዋል» ትላለች።

ስትመዝናቸው አንዱ 4.38፣ ሌላው 4.35 ግራም ሆነው ተገኙ። ሲሰላ አንዱ 12.4፣ ሌላው 13.0 በመቶ ነው። ልዩነቱ ከሚፈቀደው በላይ ነው። ማዕከሉ ለዚያ ዘር የያዘው ጣሪያ ደግሞ 13 በመቶ ነበር። ሥራውን ለመድገም ናሙና ማስፈጨት፣ መመዘን፣ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ሊኖርባት ነው። የሥራ ሰዓትም እያለቀ ነበር።

«አብሮን የሚለማመድ ልጅ፣ መሐሉን ወስደሽ 12.6 እና 12.7 ብለሽ ጻፊው፤ ማን ያይሻል? አለኝ። ጻፍኩት። በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ዘሩ አለፈ ማለት ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ነገረችን። ዒሻን ሰግዳ ስትጨርስ ማን ያይሻል የሚለው ቃል ተመልሶ መጣባት። የሚያየውን ታውቃለች። አባቷ ጋ ደወለች።

አባትየው ያሏትን ራሳቸው ነገሩን። «የሚዛን ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። ሚዛን ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ነጋዴ አንድ ኪሎ አይሰርቅም፤ የሚሰርቀው ትንሽ ነው። ግን በየቀኑ፣ ከየሰዉ ይሰርቃል። ጠዋት ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ የምሠራው የሚዛኑን ሳህን መወልወል እንደሆነ ታውቃለች። ልጄ፣ ጣትሽን ከሚዛኑ ላይ አንሺ አልኳት። ሌላ አልተናገርኩም።»

በማግሥቱ ላብራቶሪው ሳይሞላ ደረሰች። የክፍሉ ኃላፊ በሥራው ያረጁ፣ እምነታቸው ክርስትና የሆነ ሰው ናቸው፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ጋሼ ይሏቸዋል። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ጋሼ አልተቆጡም። መዝገቡን አምጪ አሉኝ። ገጹን ልቀድ ስል ከለከሉኝ። በላዩ አንድ መስመር አሰመሩኝ፣ በስህተት የተጻፈ አስባሉኝ፣ ቀን ጽፌ ፈረምኩ። ስህተት አይሰረዝም፤ ይታያል አሉኝ። ከዚያ ምክንያቱን ጠየቁኝ። ሰላት ሊያልፈኝ ነው ብዬ ነው አልኳቸው። ጸሎትሽን ማን ከለከለሽ? ክዳን መግጠም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ደግሞስ ምድጃው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ምን ስትሠሪ ነበር? አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ወሬ ላይ ነበርኩ።»

ፍተሻው ተደገመ። 5.00 ግራሙ 4.32 ሆኖ ወጣ፤ እርጥበቱ 13.6 በመቶ ነው። ከ4.38 ጋር ያለው ልዩነት ስድስት መቶኛ ግራም፣ ቁንጥር የማትሞላ ጤፍ ናት። ግን ያቺ ቁንጥር ናት ማለፍ የማይገባውን ዘር ያሳለፈችው። ዘሩ ተመልሶ እንዲደርቅ ተደረገ። እኅታችንም በልምምዱ ግምገማ ላይ ጥንቃቄ በሚለው ረድፍ ዝቅተኛ ነጥብ ተሰጣት። «ተገቢዬ ነው። ውጤቴን ዝቅ አድርጎታል፤ ግን አላህ ይመስገን፣ ያን ዘር የሚዘራውን ገበሬ ሳስብ ቀለል ይለኛል» አለችን።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

ቁርኣን ሚዛን አጉዳዮችን በሱረቱል ሙጠፍፊፊን ያስጠነቅቃል። ሚዛን የሱቅ ብቻ አይደለም። የመሐንዲሱ ሜትር፣ የነርሷ መርፌ፣ የሒሳብ ሠራተኛው መዝገብ፣ የተማሪዋ የላብራቶሪ ደብተር ሁሉ ሚዛን ነው። ሌላው ሰው እኛን አምኖ የሚቀበለው ቁጥር አማና ነው።

ምርምርን በተመለከተም ትልቅ ትምህርት አለን። ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመዲና ሰዎች ተምርን በእጃቸው ሲያዳቅሉ አይተው ሳያስፈልግ እንዳልቀረ የሚያመለክት አስተያየት ሰጡ። ሰዎቹ ተዉት፤ ምርቱ ቀነሰ። ይህ በተነገራቸው ጊዜ በእንዲህ ዓይነቱ የዱንያ ሥራ እነርሱ ይበልጥ እንደሚያውቁ ገለጹላቸው። እርሻ በሙከራና በልምድ የሚታወቅ መሆኑን ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል? ደግሞም ሙስሊም የዘራውን ወይም የተከለውን ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

ቀደምቶቻችንም ይህን ተረድተውት ነበር። አቡ ሐኒፋ አድ-ዲነወሪ በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ዕፅዋት ሰፊ መጽሐፍ ጽፏል። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢሽቢሊያው ኢብኑል ዐዋም «ኪታቡል ፊላሓ» የተባለውን የእርሻ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ፣ ራሱ ደጋግሞ ሞክሮ ያላረጋገጠውን የራሱ አድርጎ እንዳላሰፈረ ይናገራል። ከስምንት መቶ ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ በዚያች ላብራቶሪ ውስጥ ጋሼ ያስተማሩት ትምህርት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ለወላጆችና ለተማሪዎች

ከዚህ ቤተሰብ ያገኘነውን በአጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፦ ልጅ ለተግባር ልምምድ ራቅ ብሎ ሲመደብ፣ በተለይም ሴት ልጅ ስትሆን፣ ከመከልከል በፊት ሄዶ ማየት ይበጃል። የምታድርበትን ቤት፣ አብረዋት የሚሆኑትን፣ ኃላፊዋን ማወቅ የወላጅ ድርሻ ነው።

ሁለተኛ፦ የሰላት ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነገር። አብዛኛው የሥራ ኃላፊ በአክብሮት ለጠየቀው ሰው ጥቂት ደቂቃና ጥግ አይነፍግም። ተማሪውም የሥራውን ሰዓት አይቶ ሰላቱን በጊዜው ያድርስ፤ ሰላትን ለቸልተኝነት ምክንያት አያድርግ።

ሦስተኛ፦ ሒጃብ ለላብራቶሪ ሥራ እንቅፋት አይሆንም። ግን ጫፉ ጋዋን ውስጥ በደንብ ይገባ፤ እሳት ባለበት ቦታ ቀልጦ ቆዳ ላይ የሚጣበቀው ናይለን ቀርቶ ጥጥ ይሁን።

አራተኛ፦ ተማሪ ስህተት ሲሠራ እቤቱ ሊደውል የሚችልበት አንድ ሰው ይኑረው። እኅታችን ያን ሌሊት አባቷን ፈርታ ቢሆን ኖሮ ያ ቁጥር እንደተጻፈ በቀረ ነበር።

ስንሰናበት እናትየዋ ወደ መስኮቱ ወሰዱን። በሳህን ላይ የተጠቀለለ እርጥብ ጨርቅ ተቀምጧል። አገር ቤት ያለ ወንድማቸው ለዘር ካስቀመጠው ስንዴ ጥቂት ልኮላቸው፣ ልጃቸው ባሳየቻቸው መሠረት 100 ፍሬ ሳይመርጡ ቆጥረው በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደርድረው ጠቅልለውታል። በየቀኑ ጨርቁ እንዳይደርቅ ውኃ ያርከፈክፉበታል፤ በስምንተኛው ቀን የበቀለውን ይቆጥራሉ። ከመቶው የበቀለው ቁጥር የዘሩን አቅም በግምት ይናገራል። የላብራቶሪውን ያህል ትክክለኛ ባይሆንም፣ ገበሬ ዘመድ ላለው ሁሉ የሚሆን ቀላል ዘዴ ነው።

«ነገ ስምንተኛው ቀን ነው» አሉን። «ወንድሜ ብዙ በቅሏል እንድለው ይፈልጋል። እኔ ግን የቆጠርኩትን ነው የምነግረው።»

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጥልን፤ እጃችንንም ከሚዛን ላይ የሚያነሣ ልብ ይወፍቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።